ፉልሜታል አልኬሚስት፦ የ2003ቱን ልግዛ ወይስ ብራዘርሁድን?

"ፉልሜታል አልኬሚስትን ልጀምር ነው። ግን ሁለት ሆነብኝ፤ የቱን ልያዝ?" በዚህ የጃፓን አኒሜ (የካርቱን ተከታታይ) ላይ ይህን ጥያቄ በቴሌግራምም በስልክም ስመልስ ኖሬያለሁ። ከኋላው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ "ስንት ያወጣል?" የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ አዲስ አበባ ያሉት "ሰው ሲመጣ ላክልኝ" ይሉኛል። እዚህ ያሉት ቅናሽ ባዩ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል። ሰሞኑን አንዱ ወዳጄ ማንንም ሳይጠይቅ ገዝቶ መጣ። የገዛው ምን እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ። እሱን ካየሁ በኋላ ነው ሁሉንም አንድ ላይ ጽፌ ልገላገል ያልኩት።

መልሱን እስከ መጨረሻ አላንጠለጥለውም። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ለ2003ቱ አውጡ። ያውም ዲቪዲውን፣ ያውም ያገለገለውን። ብራዘርሁድ ጥሩ አኒሜ ነው። ግን በወር ክፍያ አይታችሁ የምትሸኙት እንጂ ሳጥኑን ገዝታችሁ የምታስቀምጡት አይደለም። በዚህ የሚናደድብኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የብራዘርሁድ አድናቂ ብዙ ነው፣ ክርክርም ይወዳል።

ሁለት የሆኑበትን ምክንያት ባጭሩ ልበል፤ ምርጫውንም ዋጋውንም የሚወስነው እሱ ስለሆነ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አኒሜው የተነሳበት ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) የሂሮሙ አራካዋ ነው። በ2001 ጃፓን ውስጥ በአንድ ወርሃዊ መጽሔት መውጣት ጀመረ፤ በ2010 አለቀ፤ 27 ቅጽ ሆነ። ቦንስ የተባለው ስቱዲዮ አኒሜውን በኦክቶበር 2003 ሲጀምር ማንጋው ገና ግማሽ መንገድ አልደረሰም። በየሳምንቱ የሚወጣ አኒሜ በወር አንዴ የሚወጣን ማንጋ መቅደሙ አይቀርም። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሴይጂ ሚዙሺማና ዋና ጸሐፊው ሾ አይካዋ የራሳቸውን ታሪክ ይዘው ተገነጠሉ። አራካዋም መጨረሻው የተለየ እንዲሆን ተስማምታ ነበር። አኒሜው በ51 ክፍል በ2004 አለቀ። ማንጋው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ያው ስቱዲዮ በኤፕሪል 2009 ሁሉንም ከሀ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ያሱሂሮ ኢሪዬ ሆነ፣ መንገዱም ማንጋው ራሱ። ይህ ነው ብራዘርሁድ፤ 64 ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊልም ቤት ሄዳችሁ ፍላሽ ላይ ስታስጭኑ ብዙ ጊዜ የ2003ቱ "ሲዝን 1"፣ ብራዘርሁድ "ሲዝን 2" ተብሎ ይሰጣችኋል። አይደለም። ብራዘርሁድ ቀጣይ ሲዝን አይደለም፤ ያንኑ ታሪክ ከመነሻው በሌላ መንገድ የሚናገር ሥራ ነው። ይህን ሳያውቅ 51ዱን ጨርሶ ወደ ሁለተኛው የገባ ልጅ "የሞተው ሰውዬ እንዴት ተነሳ?" ብሎ ደውሎልኛል።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ። እኔ ማንኛውንም አኒሜ የምለካው በክፍል ሂሳብ ነው። ጠቅላላ ዋጋውን ለክፍሎቹ ቁጥር አካፍሉት፤ ቅናሽ የሚመስለው ሁሉ ቅናሽ እንዳልሆነ ያኔ ይታያችኋል። የ2003ቱ መጀመሪያ አሜሪካ ሲወጣ በ13 ነጠላ ዲቪዲ ነበር። ያኔ አንዱ ዲቪዲ 4 ክፍል ገደማ ይዞ እስከ 30 ዶላር ይሸጥ ነበር። 13ቱን የሰበሰበ ሰው 390 ዶላር አወጣ ማለት ነው። በክፍል ከ7 ዶላር ተኩል በላይ! ዛሬ ያንኑ 51 ክፍል ሙሉ ሳጥን፣ ያገለገለ፣ ከ30 እስከ 50 ዶላር ሲሸጥ አያለሁ። 40 ዶላር ብትከፍሉ በክፍል 78 ሳንቲም ነው።

ብራዘርሁድ በብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ሥዕል የሚይዝ ዲስክ) በሁለት ሳጥን ሲሸጥ ሁለቱ ተደምረው ከ100 ዶላር በላይ ሲጠየቅባቸው አያለሁ። 110 ብንል በክፍል 1 ዶላር ከ72 ሳንቲም ይመጣል። አሁን ደግሞ ይህን ከወር ክፍያ ጋር አወዳድሩት። እዚህ አሜሪካ ብራዘርሁድ ክራንቺሮል በተባለው የአኒሜ ማሳያ መድረክ ላይ አለ። የወሩ ክፍያ 10 ዶላር አካባቢ ነው እንበል። 64ቱን ክፍል ለመጨረስ 26 ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በቀን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በአንድ ወር ያልቃል። በክፍል 16 ሳንቲም። ከዚያ በኋላ መሰረዝ ነው። 16 ሳንቲምና 1 ዶላር ከ72 ሳንቲም አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ እኔ ብራዘርሁድን ግዙ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

የ2003ቱ ግን እንደዚያ አይደለም። እስከ 2016 ድረስ ሁለቱንም አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ፈኒሜሽን ነበር። ከዚያ መብቱ ወደ አኒፕሌክስ ዞረ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ሲገባና ሲወጣ ነው የኖረው። ዛሬ ያያችሁት በሚቀጥለው ዓመት ይኑር አይኑር ማንም አያረጋግጥላችሁም። አዲሱ በየቦታው ይገኛል። የሚጠፋው አሮጌው ነው። እኔ ገንዘብ የማወጣው ለሚጠፋው ነው።

ሌላም ነጥብ አለ፣ ለኔ ዋናው። የብራዘርሁድ ታሪክ ማንጋው ላይ አለ። "ቤቴ ላስቀምጠው" ካላችሁ መጽሐፉን ግዙ። በእንግሊዝኛ ሦስት ሦስት ቅጽ አንድ ላይ ተጠርዞ በ9 ወፍራም መጽሐፍ ይገኛል። ለዓይንም ለመደርደሪያም ከሳጥኑ ይሻላል፤ ሪጅን (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፍት የሚወስን ምልክት) የለው፣ ፕሌየር አይፈልግ። የ2003ቱን ታሪክ ግን የትኛውም ቅጽ ላይ አታገኙትም። ከመሃል በኋላ ያለው እነ አይካዋ ለአኒሜው የጻፉት ነው። ዲስኩ ከጠፋ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

እሺ፣ ግን ያ ታሪክ ይህን ያህል ዋጋ አለው ወይ? አለው።

መነሻው በሁለቱም አንድ ነው። ኤድዋርድና አልፎንስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ልጆች የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ (አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ) ሊያስነሱ ይሞክራሉ። አልተሳካም። ኤድዋርድ እግሩን ያጣል፣ የወንድሙን ነፍስ ለማትረፍ ደግሞ እጁን ይከፍላል። የአልፎንስ ነፍስ ባዶ የብረት ጥሩር ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አካላቸውን ለመመለስ የሚደረግ ፍለጋ ነው።

ልዩነቱ ያለው ጊዜ አሰጣጡ ላይ ነው። የ2003ቱ ሰውን ከመግደሉ በፊት ያኖረዋል። የትንሿን ልጅ የኒናን ታሪክ ውሰዱ፤ ያየ ሰው ስሟን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። በአሮጌው ወንድማማቾቹ እነ ኒና ቤት ይቀመጣሉ፣ ያጠናሉ፣ ከልጅቱና ከውሻዋ ጋር ይጫወታሉ። ጉዳዩ ሁለት ክፍል ይይዛል። በብራዘርሁድ 4ኛው ክፍል ላይ ትተዋወቋታላችሁ፣ እዚያው ክፍል ላይ ሁሉም ነገር ያልቃል። የጦር መኮንኑን ሂውዝንም እዩት። ያ ሁሉም የሚያወራለት ክፍል በአሮጌው 25ኛው ላይ ነው፣ በአዲሱ 10ኛው። ሂውዝ የልጁን ፎቶ ለአላፊ አግዳሚው ሲያሳይ፣ ስልክ ይዞ ሲቀልድ፣ 25 ክፍል ሙሉ አብራችሁት ከቆያችሁ በኋላ የሚሰማችሁና በ10 ክፍል የሚሰማችሁ አንድ አይደለም።

ብራዘርሁድ ለምን እንደሚጣደፍ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ሕዝቡ ከጥቂት ዓመታት በፊት አይቶታል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አልፎ ወደ አዲሱ ነገር መድረስ ፈለገ። የመጀመሪያው ክፍሉ ራሱ ማንጋው ላይ የሌለ ታሪክ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን በሙሉ እንደምታውቋቸው አድርጎ አንድ ላይ ያወርድባችኋል። ለአዲስ ተመልካች አቦልና ቶና ተጠጥቶ በረካው ላይ እንደመድረስ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ያሉባትን የዩስዌልን ታሪክማ ሙሉ በሙሉ ዘሎታል። እኔ ያቺን ክፍል እወዳታለሁ። ኤድዋርድ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን ሕዝብ ፊት ምን እንደሚያስከፍል የሚያየው እዚያ ነው።

የ2003ቱ ጨለም ይላል። ሰው ሠራሽ ፍጡሮቹ፣ ሆሙንኩለስ የሚባሉት፣ ከየት እንደመጡ የሚሰጠው መልስ ከማንጋው ፍጹም የተለየ ነው። አልገልጠውም። ይህን ብቻ ልበል፦ እዚያ እያንዳንዱ ጠላት የአንድ ሰው ኃጢአት ነው፤ የሠራውም ሰው ፊት ለፊት መጥቶ ይቆማል። በብራዘርሁድ ጠላቱ አንድ ትልቅ እቅድ ያለው ክፉ ነው፣ ጀግኖቹ ተሰብስበው ያሸንፉታል። ያም ደስ ይላል። ግን ሲያልቅ ተኝቼ አድሬያለሁ። አሮጌው እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንድ ነገር ደግሞ በኢሽቫል ጦርነት ላይ። ሁለቱም ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ የመንግሥት ጦር አንድን ሕዝብ ያጠፋበት ጦርነት ነው። በ2003ቱ ያ ጥፋት በቀጥታ በምትወዱት ሰው እጅ ላይ ይቀመጣል። የወንድማማቾቹ ጓደኛ የዊንሪ ወላጆች እዚያ ጦርነት ላይ የሞቱ ሐኪሞች ናቸው። የገደላቸው ማን እንደሆነ በሁለቱ አኒሜዎች መልሱ ይለያያል፤ የአሮጌው መልስ የበለጠ ይከብዳል።

ብራዘርሁድ የሚበልጥበትን አልደብቅም። ከግማሽ በኋላ ያለው ከአሮጌው በጥራት ይሻላል። በሰሜን ያለው የብሪግስ ምሽግ፣ አዛዧ ኦሊቪየ አርምስትሮንግ፣ ከሺንግ አገር የመጡት ልጆች፣ እነዚህ በ2003ቱ የሉም። ብራዘርሁድን ለእነሱ ሲባል ብቻ ማየት ይገባል። መጨረሻው ላይ የተበተነው ክር ሁሉ ይሰበሰባል። የውጊያ ሥዕሉም ሌላ ደረጃ ነው። አሮጌው መጨረሻው ላይ ይቸኩላል፤ ወደ እኛ ዓለም አውሮፓ ድንገት መዞሩ ብዙ ሰው "ምንድነው ይሄ?" እንዲል አድርጎታል። ደግሞም በ51ኛው ክፍል አይዘጋም፤ የ2005ቱን ፊልም ማየት ግድ ነው። ታሪኩ በ1923 ሙኒክ ውስጥ ነው የሚቀጥለው። ይህ የዋጋ ጉዳይም ነው፤ ፊልሙ ለብቻው የሚሸጥ ነውና ሂሳባችሁ ላይ ደምሩት።

ድምፅ ላይ ብዙ አልቆይም። በጃፓንኛ ሁለቱንም ወንድማማቾች በሁለቱም አኒሜ ላይ የሠሩት ሮሚ ፓርክና ሪዬ ኩጊሚያ ናቸው። በእንግሊዝኛው አልፎንስን በአሮጌው የሠራው አሮን ዲስሙክ ያኔ ራሱ ልጅ ነበር። ብራዘርሁድ ሲመጣ ድምፁ ጎርንኖ ስለነበር ማክሲ ኋይትሄድ ተካችው። ከጥሩር ውስጥ እውነተኛ የልጅ ድምፅ ሲወጣ መስማት ሌላ ነገር ነው። በሙዚቃም እኔ ከሚቺሩ ኦሺማ ጋር ነኝ። የብራዘርሁዱ አኪራ ሴንጁ ቢሰማ፣ ይቅርታ ያድርግልኝ።

አሁን ወደ ወዳጄ ግዢ። 35 ዶላር ከፍሎ አንድ ሳጥን ይዞ መጣ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ! "51ዱም፣ 64ቱም፣ ሁለቱም ፊልም አንድ ላይ" አለኝ። 115 ክፍል ማለት ነው፤ በክፍል 30 ሳንቲም። እኔ ሳጥኑን ሳልከፍት ነው የጠረጠርኩት። ከፈትነው፤ 9 ዲቪዲ። አንዱ ዲስክ ላይ 13 ክፍል ገደማ አጭቀዋል። ኦሪጅናሉ 4 ክፍል የሚይዝበት ዲስክ ላይ 13 ሲገባ ሥዕሉ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ሰው ቆሞ ሲያወራ ደህና ነው። ውጊያ ሲጀመር ስክሪኑ በሙሉ አራት ማዕዘን ጠጠር ይሆናል።

ይህ ብቻ ቢሆን በተቻለ። የ2003ቱ የተሠራው ለድሮው አራት ማዕዘን ቲቪ ነው። ኮፒ አድራጊዎቹ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ጎትተውታል። ኤድዋርድ አጭር ነህ ሲባል የሚያብድ ልጅ ነው፤ እዚያ ሳጥን ውስጥ አጭርም ወፍራምም ሆኗል። ሰብታይትሉ ከድምፁ ኋላ ይቀራል። የገጸ ባሕርያቱ ስም ከዲስክ ዲስክ ይቀያየራል። መኮንኑ ማስታንግ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስም ነበረው። የእንግሊዝኛ ድምፅ አለው የተባለውም የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው። 7ኛው ዲስክ ጭራሽ አልከፈተም። ሻጩ "መመለስ የለም" ብሏል። 35ቱ ዶላር ተበላች።

ፎርጅዱን ለመለየት ጥቂት ነገር ያዙ። ሁለቱንም አኒሜ አንድ ሳጥን ውስጥ ያጨቀ ነገር ካያችሁ አትንኩት። አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የወጡት ለየብቻ ናቸው። ዲቪዲው ጀርባ ላይ "ሪጅን ኦል" ወይም "0" ከተጻፈ ተጠራጠሩ፤ የአሜሪካው 1 ነው የሚለው። የቻይንኛ ሰብታይትል ከእንግሊዝኛው ጋር አብሮ ከተዘረዘረም እንደዚያው። ዲስኩን ገልብጣችሁ እዩት። ሐምራዊ የሚመስል ቀለም ካለው ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። ብርማ ሆነ ማለት ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም፤ በፋብሪካ የሚታተም ፎርጅድም አለ። ከሁሉ የሚሻለው ማካፈል ነው። ክፍሎቹን ለዲስኮቹ አካፍሉ። አንድ ዲቪዲ ላይ ከ10 በላይ ከመጣ፣ ተዉት። በኢንተርኔት ከሆነ የምትገዙት የዲስኩን ፎቶ በፊትም በጀርባም ይላክልኝ በሉ። የሽፋኑን ፎቶ ብቻ ደጋግሞ የሚልክ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለ።

የ2003ቱ በተለያየ እሽግ ስለወጣ ሌላም ወጥመድ አለው። ነጠላ ዲቪዲዎች ነበሩ፣ በኋላ ሳጥኖች መጡ። "ሳጥን" ተብሎ ርካሽ ከሆነ ግማሹ ብቻ ሊሆን ይችላል። ክፍል 51 ድረስ መኖሩን አረጋግጡ። 13ቱን ነጠላዎች የሚሸጥ ካገኛችሁም ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይጎድላል፣ ያንን አንዱን ለብቻው ስትፈልጉ ዋጋው ያስለቅሳል።

"ብሉሬይ አይሻልም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ለብራዘርሁድ አዎ፤ ለሰፊ ስክሪን የተሠራ ነው፣ ልዩነቱ ይታያል። ለ2003ቱ ግን ተጨማሪ ብር አታውጡ። አኒሜው ራሱ የተሠራው በዲቪዲ ጥራት ነው። ብሉሬዩ ያንኑ ሥዕል ለጥጦ ነው የሚሰጣችሁ። የሌለ ነገር ከየት ይመጣል?

ያገለገለ ስለሆነ የምትገዙት፣ ጭረትም አስቡ። እዚህ ላይ ዲቪዲ ብሉሬይን ያሸንፋል። ዲቪዲ ላይ መረጃው ያለው በፕላስቲኩ መሃል፣ 0.6 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ከላይ ያለው ጭረት በማሽን ሊላግ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ጌም የሚሸጡ ሱቆች በጥቂት ዶላር ይሠሩታል፤ እኔ አልከፍት ያሉ ዲስኮች እንደ አዲስ ሲሆኑ አይቻለሁ። ብሉሬይ ላይ መረጃው ከፊቱ 0.1 ሚሊሜትር ላይ ነው ያለው። ከላይ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ቶሎ አይጫርም። ከተጫረ ግን ይልጉታል የምትሉት ቦታ የለውም፤ አለቀ። ያገለገለ ብሉሬይ ስትገዙ "ትንሽ ጭረት አለው" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ለዚህ ነው የምትሸሹት።

የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ ሰዎች አሉ። አትቀቡ። ትንሹን ጭረት በሺህ ጥቃቅን ጭረት ነው የሚተካው። ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ ውሃ፣ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ፤ ዙሪያውን ማሽከርከር የለም። ከጭረቱ በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ መሃሉ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ዲስኩን የሚይዘው ጥርስ ሲጠነክር ሰው ዲስኩን በኃይል ይነቅለዋል። ከቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ ይጀምራል። እያደር ያድጋል። አንድ ቀን ፕሌየር ውስጥ ሲሽከረከር ይሰበራል፣ ሌንሱንም ይዞት ይሄዳል። ስትገዙ ብርሃን ላይ ይዛችሁ መሃሉን እዩ። ስንጥቅ ካለ በነፃም አትውሰዱ። ጥርሱ የተሰበረ ሳጥን ግን ችግር የለውም፤ ባዶ ማስቀመጫ በ1 ወይም 2 ዶላር ይገኛል፣ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ለምትወስዱ ወይም ለምታስልኩ፣ ሪጅንን አትርሱ። የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው። ኢትዮጵያ ያለችው በ5 ውስጥ ነው። አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2 ናቸው። ርካሽ የሆኑት ዲቪዲ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሁሉንም ይከፍታሉ፣ ወይም በሪሞት ኮድ ይፈታሉ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የዲስክ ማስገቢያው ሪጅን እንዲቀየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው የመረጣችሁት ላይ ይቆለፋል። ስለዚህ "እሺ" የሚለውን ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ብሉሬይ ከዚህ ይብሳል። አሜሪካና ጃፓን ኤ ናቸው፤ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ ናቸው። ዱባይ የተገዛ ፕሌየር ላይ የአሜሪካ ብራዘርሁድ ብሉሬይ አይከፍትም ይሆናል። ፕሌይስቴሽን ያላችሁም እንዳትሸወዱ፤ ጌሙ በየትም አገር ቢሠራም የብሉሬይ ፊልም ሲሆን ሪጅኑን ያያል። አንድ የአክስቴ ልጅ ውድ ሳጥን ተልኮለት ያወቀው ዲስኩን ካስገባ በኋላ ነው። ሳጥኑ አሁን የቤት ጌጥ ነው።

ከጃፓን ያገለገለ መግዛት ርካሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ሪጅኑ ለብሉሬይ ከአሜሪካ ጋር አንድ መሆኑም ያማልላል። ግን የጃፓን እትሞች በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የላቸውም። ጃፓንኛ ካልቻላችሁ የገዛችሁት ሥዕል ብቻ ነው።

እኔ የማልሻገራቸው ዋጋዎች እነዚህ ናቸው። የ2003ቱ ሙሉ ዲቪዲ፣ 51 ክፍል፣ ንጹሕ ከሆነ እስከ 45 ዶላር። ሳጥኑ የተጎዳ ዲስኩ ደህና ከሆነ 30። ሻጩ ከ60 በላይ ከጠየቃችሁ አመስግናችሁ ሂዱ፤ ሌላ ይመጣል። በየክረምቱ ዋሺንግተን በሚደረገው ኦታኮን የተባለ የአኒሜ አድናቂዎች ጉባኤ ላይ ሻጮቹ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸክማቸውን ይዘው ላለመመለስ ሲሉ ይቀንሳሉ፤ ያኔ ተከራከሩ። ብራዘርሁድን የግድ ካላችሁ አንዱ የብሉሬይ ሳጥን ከ40 ዶላር አይለፍ፤ ሁለቱንም አብራችሁ ግዙ፤ አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ስትጠብቁ ዋጋው ይወጣባችኋል።

ፊልሞቹን በተመለከተ፣ የ2005ቱን ከአሮጌው ጋር ያዙት፤ ያለሱ ታሪኩ አይዘጋም። ከ10 ዶላር በላይ ግን አትክፈሉ፤ በብዛት የታተመ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይገኛል። ከብራዘርሁድ ጋር የሚያያዘው የ2011 ፊልም ለብቻው የቆመ ታሪክ ነው፤ ባታዩት የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። ሻጩ ከሳጥኑ ጋር በነፃ ከጨመረላችሁ ውሰዱ። በ15 ዶላር ካለ፣ 15ቱን ለማንጋው የመጀመሪያ ወፍራም ቅጽ አድርጉት።